የተቆለፈ ፒኤልሲ ሲያጋጥማችሁ፦ ፕሮግራሙን የማግኛ መንገድና አደጋዎቹ

ማሽኑ ከውጭ ተገዝቶ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። የተከለው ባለሙያ ሥራውን አስረክቦ ሄዷል። አሁን አንድ ሴንሰር በሌላ ዓይነት መቀየር፣ ወይም አንድ ታይመር ከአምስት ሰከንድ ወደ ሰባት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ላፕቶፕ ተሰክቶ ፕሮግራሙን ለማየት ሲሞከር ፓስወርድ ይጠይቃል። ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ የሚያውቀው ሰው የለም።

ጠርሙስ መሙያውንም፣ ቦይለሩንም፣ የውኃ ፓምፑንም፣ የሲሚንቶ ከረጢት መሙያውንም የሚያዘው ፓናሉ ውስጥ ያለው ፒኤልሲ፣ ማለትም በተጻፈለት ፕሮግራም ማሽኑን የሚቆጣጠር ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ብዙው ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ሻጩ የሚቆልፈው ተፎካካሪ እንዳይቀዳበት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ልምድ የሌለው ሰው ነካክቶ አደጋ እንዳያደርስ ይሰጋል። ሁለቱም ያስኬዳል። ግን ማሽኑ ሲቆም ጣጣው የሚወድቀው ጥገና ክፍሉ ላይ ነው።

የምመክረው አካሄድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰውና ወረቀት፣ እሱ ካልሆነ አዲስ ሲፒዩ (ፕሮግራሙን ይዞ የሚያስኬደው የፒኤልሲው ዋና ክፍል)። ከኢንተርኔት የሚወርድ «ፓስወርድ መክፈቻ» ግን በፍጹም። ምክንያቱን ከታች በሰፊው እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ መመሪያ ማሽኑ የራሱ ለሆነ፣ ወይም ከባለቤቱ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ነው። በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያስቀጣል። የፋብሪካው ሠራተኛ ብትሆኑም ሥራ አስኪያጁ ወይም የጥገና ኃላፊው የፈረመበት ወረቀት ያዙ። ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ «ማን አዘዘህ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም።

1. የተቆለፈው ምን እንደሆነ ለዩ

«ፒኤልሲው ተቆልፏል» ሲባል ነገሩ ሌላ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ከመሯሯጣችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

ምናልባት የተቆለፈው የስክሪኑ የሴቲንግ ገጽ ብቻ ይሆናል። የምትፈልጉት ታይመሩን መቀየር ከሆነ ደግሞ ያ ገጽ ይበቃችኋል። የገጹ ፓስወርድ ከማሽኑ ጋር በመጣው ማኑዋል ውስጥ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ግለጡ።

ሲፒዩው ራሱ ተቆልፎ ከሆነም መቆለፊያው ደረጃ አለው። ለምሳሌ የሲመንስ ኤስ7-1200 አራት ደረጃዎች አሉት። ሙሉ ክፍት፣ ማንበብ ብቻ፣ ለስክሪን ብቻ ክፍት፣ እና ጭራሽ ዝግ። «ማንበብ ብቻ» ላይ ከተቀመጠ ፕሮግራሙን ያለ ፓስወርድ ወደ ላፕቶፕ ማንሳት ይቻላል። የሚከለከለው መልሶ መጫን ነው። ይህንን ሳያዩ «ዝግ ነው» ብሎ መተው ያስቆጫል።

ሌላው የብሎክ፣ ማለትም የአንድ የፕሮግራም ክፍል ቁልፍ ነው። ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ግን አንዳንድ ብሎኮች ሲነኩ አይከፈቱም። ሻጩ የደበቀው የራሱን ስሌት ብቻ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ታይመር ክፍት በሆነው ክፍል ውስጥ ካለ ሥራችሁ አለቀ።

በመጨረሻ የክፍያ ቁልፍ የሚባል አለ። ማሽኑ በተወሰነ ቀን ይቆምና ኮድ ይጠይቃል። ይህ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም። ውሉን ይዛችሁ ወደ ፋይናንስና ወደ ሕግ ክፍል ሂዱ።

2. ምንም ሳትነኩ ያለውን መዝግቡ

ማሽኑ እየሠራ ከሆነ እየሠራ ይቆይ። የሲፒዩውን ኔምፕሌት ፎቶ አንሱ። ሞዴሉ፣ ሴሪያል ቁጥሩና የፈርምዌር (አምራቹ መሣሪያው ውስጥ የጫነው ሶፍትዌር) ቁጥሩ በግልጽ ይታይ። የመብራቶቹን ሁኔታ፣ የገመዶቹን አገባብ፣ የቁልፍ ማዞሪያ ካለው ያለበትን ቦታ ሁሉ በፎቶ ያዙ። ስክሪኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች፣ የምርት ሬሲፒውን፣ የሙቀትና የግፊት ልኮቹን ገጽ በገጽ አንሱ። የኢንቨርተሮቹንም (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎቹን) ፓራሜትር ጻፉ። ፕሮግራሙ ቢገኝ እንኳ እነዚህ ቁጥሮች ከሌሉ ማሽኑ ወደ ቀድሞ ሥራው አይመለስም።

ባትሪውን አትርሱ። እንደ አለን ብራድሊ ኤስኤልሲ 500 ያሉ የቆዩ ፒኤልሲዎች ፕሮግራሙን የሚይዙት በባትሪ በሚደገፍ ሜሞሪ ነው። የባትሪው ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ ሳለ ኃይል ከጠፋ ፕሮግራሙ አብሮ ሊሄድ ይችላል። የተቆለፈ፣ ባክአፕ (የፕሮግራሙ ቅጂ) የሌለውና ባትሪው የደከመ ፒኤልሲ ካላችሁ ዛሬውኑ ባትሪ ፈልጉ። የሚቀየረውም ማኑዋሉ በሚያዘው መንገድ ብቻ ነው። ክፍት ፓናል ላይ በኤሌክትሪክ መሥራት የሚችል ሰው ብቻ ይቀይረው።

ሜሞሪ ካርድ ካለውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሲመንስን ካርድ አውጥቶ ላፕቶፕ ላይ መሰካት፣ ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ሲል እሺ ማለት ካርዱን ያበላሸዋል። ከዚያ በኋላ ሲፒዩው አይቀበለውም።

3. ባክአፑን ፈልጉ

ፕሮግራሙ የሆነ ቦታ ሊኖር ይችላል። የፓናሉን በር ክፈቱና የውስጥ ኪሱን እዩ። ከኤሌክትሪክ ስዕሉ ጋር ሲዲ ወይም ፍላሽ የሚያስቀምጡ አምራቾች አሉ። የጥገና ክፍሉን አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ ጡረታ የወጡ ላፕቶፖችን፣ የርክክብ ፋይሎችን፣ የድሮ ኢሜይሎችን ፈትሹ። ከሥራ የለቀቁትን ቀድሞ የነበሩ ባለሙያዎች ደውላችሁ ጠይቁ። «ጋሼ፣ የዚያ ማሽን ፋይል የት ነበር?» የሚል ስልክ ከማንኛውም ሶፍትዌር የበለጠ ሊሠራ ይችላል።

ፍለጋውን የሚያቀለው የፋይሉን ዓይነት ማወቅ ነው። ሲፒዩው የማን ሥሪት እንደሆነና በየትኛው ሶፍትዌር እንደሚጻፍ ለዩ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን በዚያ ሶፍትዌር የፋይል ቅጥያ ፈልጉ። ፋይሉ ሲገኝ ስሙን አትመኑ። «የመጨረሻው አዲሱ» የተባለ ፋይል ማሽኑ ውስጥ ካለው የተለየ ሊሆን ይችላል። ሲፒዩው ከፈቀደላችሁ ከፋይሉ ጋር አወዳድሩት። ካልፈቀደ ቢያንስ የግብዓትና የውጤት አድራሻዎቹ ከፓናሉ ስዕል ጋር መግጠማቸውን እዩ።

4. ለአምራቹ ጻፉ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። «አይመልሱም» ብሎ ቀድሞ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ግን ሳይጻፍ የሚታለፍ ደብዳቤ ያሳዝነኛል። አምራቹ ዝም ቢል እንኳ ጥያቄያችሁ በጽሑፍ መኖሩ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ይዘቱም እንዲህ፦

«በውል ቁጥር … ከድርጅታችሁ የገዛነው፣ ሴሪያል ቁጥሩ … የሆነው ማሽን የፒኤልሲ ፕሮግራም የተቆለፈ ነው። ማሽኑን ለመጠገን የፕሮግራሙ ቅጂና ፓስወርዱ ያስፈልጉናል። ፕሮግራሙን ከዚህ ማሽን ውጭ እንደማንጠቀምበት፣ ለሌላ ወገንም እንደማንሰጥ በፊርማችን እናረጋግጣለን። የውሉን፣ የኔምፕሌቱንና የርክክብ ሰነዱን ቅጂ አያይዘናል።»

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ዋናው ነው። አምራቹ የሚፈራው መቀዳትን ስለሆነ ፍርሃቱን ቀድማችሁ መልሱለት። ሙሉውን አልሰጥም ካለም ሌላ አማራጭ ጠይቁ። የምትፈልጉትን ለውጥ ብቻ አድርጎ ፋይሉን ይላክ፣ ወይም ባለሙያው እናንተ እያያችሁት በርቀት ገብቶ ያስተካክል። በርቀት ሲገባ ግንኙነቱ ለዚያ ሰዓት ብቻ ይከፈት። ሥራው ሲያልቅ ይዘጋ፣ ገመዱም ይነቀል።

የፒኤልሲውን አምራች፣ ማለትም ሲመንስን ወይም ኦምሮንን፣ መጠየቅም ይቻላል። ግን ፓስወርዱን ያስቀመጠው ማሽኑን የሠራው ድርጅት ስለሆነ የእሱን ፓስወርድ ይነግሩኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ሲፒዩውን አጽድቶ እንደ አዲስ መጠቀሚያውን መንገድ ግን ያሳዩዋችኋል።

5. «ፓስወርድ መክፈቻ» ሶፍትዌር፦ አታውርዱ

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞሩ ማስታወቂያዎች አሉ። «የሚትሱቢሺ፣ የኦምሮን፣ የሲመንስ ፓስወርድ በደቂቃ እንከፍታለን» ይላሉ። ማሽን ቆሞ አለቃ ከኋላ ለሚጮህበት ሰው ፈተናው ከባድ ነው። ይገባኛል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ድራጎስ የተባለው የኢንዱስትሪ ሳይበር ደህንነት ድርጅት ከእነዚህ አንዱን መርምሮ ውጤቱን ይፋ አደረገ። ሶፍትዌሩ አውቶሜሽን ዳይሬክት የሚሠራውን ዳይሬክት ሎጂክ 06 የተባለ ፒኤልሲ ይከፍታል ተብሎ የሚሸጥ ነበር። የሚገርመው በእርግጥም ይከፍታል። ፓስወርዱን ያመጣል። ግን ፓስወርዱን «ሰብሮ» አልነበረም። በፈርምዌሩ ውስጥ የነበረን ክፍተት ተጠቅሞ ፒኤልሲው ራሱ ፓስወርዱን እንዲናገር ያደርገዋል። አምራቹ በኋላ ክፍተቱን በአዲስ ፈርምዌር ዘግቶታል።

ጉዱ ያለው ከጀርባ ነው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ሳሊቲ የተባለ ማልዌር (ጎጂ ሶፍትዌር) ላፕቶፑ ላይ ይጭናል። ሳሊቲ ጸረ ቫይረስን ያሰናክላል፣ በፍላሽና በኔትወርክ ላይ በተጋሩ ፎልደሮች ይዛመታል፣ የተያዘውንም ኮምፒውተር በሩቅ ሰው ከሚታዘዙ ሌሎች ጋር ያስተሳስራል። ድራጎስ ያየው ዓይነት ደግሞ ኮፒ የተደረገን ጽሑፍ በየግማሽ ሰከንዱ እያየ፣ የክሪፕቶ ገንዘብ አድራሻ ሲያገኝ በሌባው አድራሻ ይተካዋል።

አስቡት። ሠራተኛው ፓስወርዱን አግኝቷል፣ ማሽኑ ተነስቷል፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ማንም የሚጠረጥር የለም። ያ ላፕቶፕ ግን ነገ ወደ ቦይለሩ ይሄዳል፣ ከነገ ወዲያ ወደ ጀነሬተሩ። አንዱን ማሽን ለመክፈት የገባው ነገር የፋብሪካውን ሁሉ በር ይዞ ይወጣል። እኔን የሚያስፈራኝ የማይሠራው ሶፍትዌር አይደለም፤ የሚሠራው ነው።

«እኔ ልክፈትልህ፣ ላፕቶፕህን በርቀት ክፈትልኝ» የሚልን የማታውቁትን ሰውም ከዚሁ ቁጠሩት። የሚጠይቃችሁ ገንዘብ ትንሽ ሊሆን ይችላል። የምትሰጡት ግን የፋብሪካችሁን ማሽኖች የሚያዝ ኮምፒውተር ነው።

እንዲህ ያለው ሶፍትዌር ቀድሞ ተከፍቶ ከሆነስ? ላፕቶፑን ወዲያው ከኔትወርክ ንቀሉ። ምንም ፍላሽ አትሰኩበት፤ የተሰኩትንም ለይታችሁ አስቀምጡ። በዚያ ላፕቶፕ የተነኩትን ማሽኖች ዝርዝር ጻፉ። በጸረ ቫይረስ ማጽዳት ብቻ አያስተማምንም። ዲስኩ ተደምስሶ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫን። በላፕቶፑ ላይ የተጻፉ ፓስወርዶች ሁሉ ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ይቀየሩ። የፒኤልሲዎቹ ፕሮግራም ከባክአፕ ጋር ይወዳደር። በኢትዮጵያ ላላችሁ፣ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ማሳወቅም ይቻላል። ይህን ያደረገውን ሠራተኛ ግን አትቅጡት። ከተቀጣ ቀጣዩ ሰው ይደብቃል።

6. ሁሉም ካልሆነ፦ በአዲስ ሲፒዩ እንደገና ጻፉ

ፓስወርዱ አልተገኘም፣ አምራቹም የለም። የቀረው ፕሮግራሙን ራሳችሁ መጻፍ ነው። ከባድ ይመስላል እንጂ ለመካከለኛ ማሽን የሚቻል ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ፦ የሚሠራውን አሮጌ ሲፒዩ አታጽዱት። ተመሳሳይ ሞዴል ሌላ ሲፒዩ ግዙና አዲሱን ፕሮግራም እሱ ላይ ሥሩ። አልሆን ካለ አሮጌውን መልሳችሁ ታስገባላችሁ፤ ማሽኑ እንደ ትናንቱ ይሠራል። መለዋወጫ ከውጭ ለማስመጣት ጊዜ ስለሚወስድ ትዕዛዙን ማሽኑ ከመቆሙ በፊት አስገቡ።

የግድ ማጽዳት ካስፈለገ አምራቾቹ ያስቀመጡት መንገድ አለ። ሲመንስ ኤስ7-1200 ላይ ባዶ የማስተላለፊያ ካርድ ሲገባ የተቆለፈው ፕሮግራም ከውስጥ ሜሞሪው ይደመሰሳል። ካርዱ እየሠራ ባለ ሲፒዩ ላይ ከገባ ሲፒዩው ስለሚቆም ማሽኑ መጀመሪያ በሥርዓት ይቁም። ካርዱም ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት ይውጣ። በአሮጌው ኤስ7-200 ላይ ደግሞ ማኑዋሉ ራሱ ሜሞሪውን የሚያጸዳ ቃል ይሰጣችኋል። ሁለቱም ፓስወርዱን አያመጡም። ፕሮግራሙን ያጠፋሉ፤ ከዚያ ባዶ ሲፒዩ ይተርፋችኋል።

አሁን ወደ መጻፉ። ከኤሌክትሪክ ስዕሉ ተነስታችሁ እያንዳንዱ ግብዓትና ውጤት ምን እንደሆነ በሠንጠረዥ ጻፉ። ስዕል ከሌለ ገመድ በገመድ ተከተሉ። ከዚያ ስልካችሁን አዘጋጁና የፒኤልሲውን መብራቶች ማሽኑ እየሠራ በዝግታ ቪዲዮ ቅረጹ። ጠርሙስ መሙያ ላይ ከሆነ፣ ጠርሙሱ ሲደርስ የአንዱ ግብዓት መብራት ይበራል፤ ማቆሚያው ይዘጋል፤ ትንሽ ቆይቶ የቫልቩ ውጤት ይበራና ይጠፋል፤ ማቆሚያው ይከፈታል። ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ ስታዩት ቅደም ተከተሉም፣ የእያንዳንዱ ታይመር ርዝመትም ፊት ለፊታችሁ ነው።

ቪዲዮው የማያሳያችሁ ግን አለ። በሩ ሲከፈት ምን ይሆናል? የአየር ግፊት ሲወርድስ? ሞተሩ ሲጨናነቅ የትኛው ቀድሞ ይቆማል? ኃይል ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ራሱ ይነሳል ወይስ ሰው ይጠብቃል? እነዚህን የሚያውቁት ማሽኑ ላይ ዓመታት ያሳለፉት ኦፕሬተሮች ናቸው። ከየፈረቃው አንድ አንድ ሰው አስቀምጡና ጠይቁ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ማሽኑ ጥሩ ሲሠራ ሁሉም ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ የሚለየው ነገር ሲበላሽ ነው።

የኤመርጀንሲ ስቶፑ ከፕሮግራሙ ውጭ በቀጥታ ገመድ ኃይል የሚያቋርጥ መሆኑን በአካል ፈትኑ። የሴፍቲ ፒኤልሲ ወይም የሴፍቲ ሞጁል (ሰው እንዳይጎዳ ማሽኑን የሚያቆም ክፍል) ካለው እሱን አትንኩት። የእሱ ፕሮግራም ሥልጠና ባለው ሰው ተረጋግጦ የሚፈረምበት ነው። ቦይለር፣ ፕሬስና ክሬን ላይ ደግሞ ይህን ሥራ ብቻችሁን አትጀምሩ።

ስትሞክሩ በደረጃ ሂዱ። መጀመሪያ ሞተሮቹና ቫልቮቹ ኃይል ሳያገኙ፣ መብራቶቹን ብቻ እያያችሁ። ቀጥሎ አንድ በአንድ። ከዚያ ያለ ምርት። በመጨረሻ ከምርት ጋር፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ አንድ ሰው እጁን ከማቆሚያው ሳያነሳ።

7. ከተከፈተ በኋላ ዝጉት

ፓስወርዱ በእጃችሁ ከገባ ሥራው ግማሽ ነው። የቀረው ሌላ ሰው እንዳይገባ ማድረግ ነው። የዳይሬክት ሎጂኩ ታሪክ የሚያሳየው የፒኤልሲ ፓስወርድ ብቻውን መከላከያ እንዳልሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2023 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ አሊኪፓ በምትባል ከተማ፣ የውኃ ግፊት የሚቆጣጠር አንድ ጣቢያ ተጠቃ። ጣቢያው ውስጥ የነበረው የዩኒትሮኒክስ ፒኤልሲ ነበር። ሠራተኞቹ ሥራውን ወደ እጅ መቆጣጠሪያ መልሰው አገልግሎቱን አስቀጠሉ። የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በዚያ ዘመቻ የተጠቁት መሣሪያዎች ለኢንተርኔት የተጋለጡ ነበሩ፤ ፓስወርዳቸውም ወይ ከፋብሪካ የመጣው «1111» ነው፣ ወይ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ፒኤልሲያችሁ በቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኘ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አለያዩ። የማሽኖቹ ኔትወርክ ከቢሮው ኔትወርክም የተለየ ይሁን።

ሲፒዩው የቁልፍ ማዞሪያ ካለው «ራን» (ሥራ) ላይ አድርጋችሁ ቁልፉን ንቀሉና ኃላፊው ጋ አስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳዑዲ ዓረቢያ አንድ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የሴፍቲ ሥርዓቱ ሲጠቃ ማዞሪያው «ፕሮግራም» ላይ ተትቶ ነበር። አጥቂዎቹ የራሳቸውን ኮድ ማስገባት የቻሉት በዚያ ሁኔታ ነው። ገንዘብ የማያስወጣ፣ አንድ ጣት የሚበቃው ጥበቃ ነበር።

ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ በፖስታ አሽጋችሁ ካዝና ውስጥ አስገቡት። ማን እንደከፈተውና መቼ እንደሆነ የሚጻፍበት መዝገብ አብሮ ይኑር። የፕሮግራሙን ቅጂ በሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከፋብሪካው ውጭ ይሁን። ፕሮግራሙ በተለወጠ ቁጥር ቅጂውም ይለወጥ። ፒኤልሲ የሚነካው ላፕቶፕ ኢሜይል የማይታይበት፣ ፊልም የማይወርድበት፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበ ይሁን።

8. ቀጣዩን ማሽን ስትገዙ

ውሉ ላይ ይህን አስገቡ፦ ሻጩ ሙሉውን የፒኤልሲና የስክሪን ፕሮግራም፣ ከነማብራሪያ ጽሑፉና ከነፓስወርዶቹ፣ ከመጨረሻው ክፍያ በፊት ያስረክባል። ሻጩ የደበቀው ስሌት አለኝ ካለ እነዚያ ብሎኮች ብቻ ይቆለፉ፤ ፓስወርዱም በታሸገ ፖስታ ባንክ ወይም ጠበቃ ጋ ይቀመጥ፣ ድርጅቱ ቢዘጋ እንዲከፈት።

በርክክቡ ቀን ፍላሽ ተቀብላችሁ አትፈርሙ። ፋይሉን በራሳችሁ ላፕቶፕ፣ የሻጩ ባለሙያ አጠገባችሁ ቆሞ ሳለ ክፈቱት። ከማሽኑ ጋር አገናኙትና አወዳድሩት። ልዩነት ካሳየ ያስተካክል። አንድ ታይመር ቀይራችሁ ጫኑ፣ ማሽኑ ላይ ለውጡን እዩ፣ ወደ ነበረበት መልሱ። ይህ ሁሉ በእናንተው እጅ ከሠራ በኋላ ፈርሙ፣ ክፍያውንም ልቀቁ።